አብራሪዋ

ሰፈሩ በሙሉ ቀለሜ እያለ ነው የሚጠራው። ቀለሜ ማለት እንግዲህ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚውል ጎበዝ ተማሪ ነው፤ እሱ ግን ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥሎ የወጣ፣ ቀለም የሚያውቀው በጣሳ ብቻ የሆነ ቤት ቀቢ ነበር። ስሙን ያወጣለት አብሮት የኖረ ልስን ሠራተኛ ነው፤ «ከመሀላችን አንድ እንኳ ቀለም የዘለቀው ሰው ይኑረን» ብሎ የቀለደው ተጣብቆ ቀረ። ቀለሜም አልተቀየመም። ሰው በቀልድ የወጣለትን ስም ስቆ ከተቀበለ ስሙ አይጎዳውም ይል ነበር። ልጁ ላይ የወጣውን ስም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የሰማው ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም።

ትልቋን ልጁን ቤተሰቡ «አብራሪዋ» ይላታል። የማያውቅ እንግዳ ይህን ሲሰማ አውሮፕላን የምታበር መስሎት የት የት እንደምትበር ይጠይቃታል። ያኔ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ታሪኩን ያወራል። በዘጠኝ ዓመቷ የወፍ ቤት መንጠቆ ሳትመልስ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ በቤቱ የነበረችውን አንዲት ወፍ እንዴት እንዳበረረች።

አብራሪዋ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋ መቁጠር ነው ቢባል ይቀላል። የታማሚው ሆድ ሳይከፈት መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ መርፌውን፣ ፋሻውን ትቆጥራለች፤ ከመሰፋቱ በፊት እንደገና፣ ከተሰፋ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ። አንድ ቀን ሐኪሙ ሊሰፋ መርፌ ሲያነሳ አንድ ቁራጭ ፋሻ ጎድሏል ብላ አስቆመችው። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ሰዓቱ ሄዷል፣ ተሳስተሻል አላት። እሷ ፍንክች አላለችም። ሲፈለግ ሲፈለግ ፋሻው ከራሱ ከሐኪሙ ጫማ ሥር ተለጥፎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሟ በሆስፒታሉ ተከበረ። አለቃዋ ቀለሜን መንገድ ላይ አግኝታው፣ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ሲያይ ቆየ። ሴትዮዋ ትሑት ሰው ነው ብላ አለፈች።

ነገሩ የተነሳው አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። የአብራሪዋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» በተናገረች ቁጥር ታፏጫለች። ለወራት የቤት እንስሳ ይገዛልኝ እያለች ወላጆቿን ስትነዘንዝ ከርማ፣ ያን ቀን ጉዳዩን ወደ አያቶቿ ይግባኝ አለች። ትንሽ ትሁን፣ የእኔ ትሁን፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነው ያለችው።

አባቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ፣ ነገር በልኩ የሚወድ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና ሰንብቶ ኖሮ ውጤቱን ለአማቶቹ አቀረበ። ውሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ ሲውል ያሳዝናል። ድመት መጋረጃውን ትጨርሰዋለች። ዓሣ ያምራል፣ ግን ልጅ አቅፋ አትስመው ነገር። ኤሊ እኛን ሁሉ ቀብሮ ይኖራልና ለውርስ ካልሆነ አይመከርም። የሚሻለው ጥንቸል ነው፤ ችግሩ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፣ የሚያኝከው ነገር ሁልጊዜ ሊቀርብለት ይገባል። የቀለሜ ሚስት ይህን ስትሰማ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ቋሚ ደንበኛ አገኘህ ማለት ነው» አለችውና ሁሉም ሳቁ።

አብራሪዋ ብቻ አልሳቀችም። የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣቷ እያስተካከለች እንደማትፈልግ ተናገረች። ባሏ ለምን ቢላት መጀመሪያ ሰበብ ደረደረች፤ የሥራ ሰዓቷ አይመችም፣ ሽታ አለው፣ ልጅቷ ቶሎ ትሰለቻለች። እሱ አንድ በአንድ ሲመልስባት ግን ሰበቡ አለቀ።

«ትንሽ ነፍስ በእኔ እጅ አትበረክትም» አለች ቀስ ብላ። «ሥራ ቦታ ዝርዝር አለኝ፣ አብሮኝ የሚቆጥር ሰው አለ። ቤት ውስጥ ማን ይቆጥርልኛል?»

ትንሿ ልጅ ወደ አያቷ ዞራ እንደማያውቅ ሰው አስረዳችው፤ እማዬ እኮ ልጅ ሆና ወፍ አብርራለች አለችው። አሰብ አደረገችና ደግሞ «አባባ፣ ወፏ ግን የት ደረሰች?» ብላ ጠየቀችው።

ቀለሜ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ቀደም ብላ፣ ማን ያውቃል፣ ይሄኔ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርታ ይሆናል ብላ አሳለፈችለት። አብራሪዋ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ቀለሜ ከተቀመጠበት ሆኖ ያያታል። የጋዝ ምድጃውን መዝጊያ ነካች፣ ሳህኑን አጠበች፣ ተመልሳ መዝጊያውን ነካች፣ እጇን አደረቀች፣ ልትወጣ ስትል ዞራ ለሦስተኛ ጊዜ ነካችው። ይህን ስታደርግ ስንት ሺህ ጊዜ አይቷታል። ያን ቀን ግን የልጅ ልጁ ጥያቄ አልለቀው ብሎ ነበርና፣ ከዚያ በላይ ተቀምጦ ማየት አልቻለም።

ወፏ የት እንደደረሰች በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ያኔ ልጅቱ ዘጠኝ፣ ወንድሟ አምስት ዓመታቸው ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው፤ ሚስቱ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ትሠራለች። ልጆቹ የቤት እንስሳ አማረን ሲሉ ቀለሜ ነገሩን እንደ ቀላል አላየውም። ከሥራ ሲወጣ ሦስት ቀን ሙሉ ከገበያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተመላለሰ። ሱቋ ከበር እስከ ጥግ በእህል ጆንያና በሽቦ ቤቶች የተሞላች ናት። ሻጯ ድሮ የሕፃናት ሞግዚት የነበረች ጠና ያለች ሴት ስትሆን፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። እንስሳቱን ከማሳየቷ በፊት ስለ ልጆቹ ንገረኝ አለችው። እሱም ትልቋ ጠንቃቃ መሆኗን፣ ትንሹ ደግሞ የወደደውን ነገር ሁሉ ጨምቆ እንደሚያቅፍ ነገራት።

ሴትዮዋ አሰበችበት። ጨምቆ ለሚያቅፍ ልጅ ጥንቸል ገና ነው፤ ጥንቸል ሲጨነቅ ይራገጣል፣ ወገቡም ቶሎ ይሰበራል። አይጥ የሚያክሉት ጸጉራሞቹ ደግሞ ቀን ተኝተው ይውላሉ፣ ሲቀሰቅሷቸው ይነክሳሉ። በመጨረሻ ከግድግዳው ላይ አንዲት ብጫ ወፍ አወረደችለት። ይህቺ በዓይንና በጆሮ የምትወደድ ናት፤ ትንሹ አይደርስባትም፣ ትልቋ ትንከባከባታለች አለችው። ልቡ ደስ አለው። ሊወጣ ሲል ግን ክንዱን ያዘችው።

«ወፍ ሳንባዋ ስስ ነው» አለችው። «የተቃጠለ ዘይት፣ ሲጋራ፣ የቀለም ሽታ ይገድላታል። ያንተን ሥራ ደግሞ ሱሪህ ይናገራል።»

ሱሪውን አየና ሳቀ። የቀለም ሽታ ይዤ ቤት ከገባሁ ከወፏ በፊት ሚስቴ ናት የምታባርረኝ አላት። እሷም ሳቀች፤ በዚህ ተለያዩ።

ልጆቹ ወፏን ሎሚ አሏት። ትንሹ ማታ ማታ ደህና እደሪ ይላታል፤ ከዚያ ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። የቀረው ሁሉ የትልቋ ነበር። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ውሃዋን ትቀይራለች፣ እህሏን ትሞላለች፣ ከሥር ያለውን ወረቀት አውጥታ ሌላ ታነጥፋለች፣ ከዚያ በሩን ዘግታ መንጠቆውን «ቃ» እስኪል ትጫነዋለች። ማንም አስታውሶሽ ወይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። አምስት ወር እንዲህ ሆነ።

የሰኔው ዝናብ ሲበረታ የቀለሜ ሥራ ቆመ። እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም። ሚስቱ የልጆቹ ክፍል በር እየተላላጠ ነው፣ የሰው ቤት ስታሳምር የራስህን ረሳኸው ስትለው ከርማ ነበርና፣ ከሥራ የተረፈ አንድ ጣሳ አረንጓዴ የዘይት ቀለም አስታወሰ። ሁሉም እስኪመለሱ በሩንና የመስኮቱን ፍሬም ቀብቶ ሊያስደንቃቸው አሰበ። ክፉ አላሰበም። ሁሉም ከወጡ በኋላ ጣሳውን በመፍቻ ጫፍ ከፈተ።

የሻጯ ቃል ትዝ ብሎት ነበር። ይህን ከራሱ ሊደብቀው አይችልም። ትዝ ስላለው ነው ወፏን ከክፍሉ አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ ካፖርት መስቀያው ላይ የሰቀላት። ኮሪደሩ ከክፍሉ ሁለት እርምጃ ነው። መስኮቱንም ነፋሱ እርጥቡ ቀለም ላይ ዝናብና ብናኝ እንዳያመጣበት ዘጋው። ሬዲዮ ከፈተ፤ ወፏ ከሬዲዮው ጋር እየተፎካከረች ታዜማለች። እሱም ጠርዝ ጠርዙን እየያዘ፣ እያፏጨ ቀባ። ረፋዱ ላይ የሚዘፍነው ሬዲዮው ብቻ መሆኑን ልብ አለ።

ተኝታ ይሆናል አለ። የቀረችው የበሩ ታችኛው ጠርዝ ነበረች። እሷን ልጨርስ አለና ጨረሰ። ኋላ ላይ በሆነው ሁሉ ራሱን ይቅር ቢል እንኳ፣ ዝም ማለቷን ሰምቶ ያቺን አንዲት ጠርዝ መጨረሱን ይቅር ሊለው አልቻለም።

ሲደርስ ሎሚ ከሥር ከተነጠፈው ወረቀት ላይ በጎኗ ተኝታለች። አወጣት። መስኮቱን በርግዶ ወደ ውጭ አወጣት፣ እፍ አለባት፣ በጣቱ ጫፍ ውሃ አስነካት። በመዳፉ ላይ ምንም ክብደት አልነበራትም። የሚያውቀውን ሁሉ ካደረገ በኋላ የማያውቀውንም አደረገ፤ ጸለየላት። ከዚያ ፍርሃት ያዘው። ቀብሯት፣ ልጆቹን አስቀምጦ፣ እኔ አጠፋሁ ማለት ነበረበት። እሱ ግን የታጠበ ባዶ ጣሳ ውስጥ አደረጋት፤ እጁ ልማዱ ሆኖ ክዳኑን በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጎ ገጠመው፤ ዝናብ ውስጥ ተሸክሞት ሄዶ እሠራበት ከነበረው ሕንፃ ጀርባ ካለው የፍርስራሽ ክምር ላይ ጣለው። ተመልሶ የሽቦ ቤቷን ክፍሉ ውስጥ ወደ ቦታዋ መለሰና በሯን ከፍቶ ተወው። ንጹሕ አየር ላስገባላት ብዬ ከፍቼ በዚያው አመለጠች ሊል ነው ያሰበው። ውሸቱ እንኳ ጥፋቱን በራሱ ላይ የሚያደርግ ነበር።

ይህን ለማለት ጊዜ አላገኘም። ልጅቷ ቀድማ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ባዶውን የሽቦ ቤት፣ የተከፈተውን በር፣ የተከፈተውን መስኮት ተራ በተራ አየች። ፊቷ ነጣ።

«እኔ ነኝ» አለች። «መንጠቆውን አልመለስኩትም።»

አባቷ ያኔ አይደለም ቢላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይተረክም ነበር። ዝም አላት። ዝምታው ሲረዝምበት ደግሞ የሚያጽናናት መስሎት የባሰውን ተናገረ፤ ወፍ ናት፣ አንድ ቀን ትመለስ ይሆናል አላት።

ወንድሟ ማምሻውን ከእናቱ ጋር ሲመጣና ሲሰማ ጫማውን አውልቆ ትከሻዋን መታት። አልተከላከለችም። እናቷ ትንሹን ገሠጸችው፤ ትልቋንም የተሰጠሽን አደራ ማወቅ አለብሽ አለቻት። አዲስ የተቀባውን በር ያየለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ልጅቷ መጠበቅ ጀመረች። ወፏ ስትመለስ ተዘግቶ እንዳታገኘው ብላ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ፣ ሹራብ ደርባ ትተኛለች። የመስኮቱ ደፍ ላይ እህል ትበትናለች፤ ጠዋት ዝናብ የመታውን እህል ታያለች፣ ሌላ ትበትናለች። ቀለሜ ይህን ለማየት አንጀቱ አልችል አለ። አንድ ቀን ማለዳ ሳትነቃ ገብቶ እህሉን በእጁ ጠረገው። ስትነሳ ደፉ ባዶ ነው። መጥታ ነበር ብላ እየሮጠች ወንድሟን ቀሰቀሰችው፣ እናቷን ቀሰቀሰቻት፤ ከስንት ቀን በኋላ ሁለቱ ልጆች ተቃቀፉ። ያን ደስታ ሲያይ የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ገባውና ሁለተኛ አልደገመውም። እሷ ግን በዚያች ማለዳ ተስፋ ሦስት ወር ጠበቀች።

ስሙ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ትንሹ ትምህርት ቤት ገብቶ አውሮፕላን የሚያበር ሰው አብራሪ እንደሚባል ተማረ፤ ያን ዕለት እራት ላይ እኛም ቤት አብራሪ አለች አለ። እናታቸው በሳቅ ፈረሰች። ቀለሜም ሳቀ። ካልሳቀ ለምን አልሳቅህም የሚባል መሰለው። ልጅቷ ዙሪያዋን አየች፣ ሁሉም ሲስቁ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ሆነ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ እያደር ከበደ። በሚቀጥለው ወር እነግራታለሁ አለ፤ ትንሽ ከፍ ትበል አለ፤ ፈተናዋን ትጨርስ አለ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ጎረቤት ለአንድ ሰዓት ሕፃን ያዥልኝ ብትላት አልችልም ብላ ስታለቅስ አየ፤ አልነገራትም። ስታገባ፣ የደስታዋን ቀን ላበላሽባት ወይ አለ። ልጇን የወለደች ጊዜ እናቷን አትሂጂብኝ፣ ከሕፃኗ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ ብላ ሦስት ወር አቆየቻት። ያኔ እንኳ አራስ አታስደነግጥም ብሎ አለፈው። ሰው ለዝምታው ምክንያት አያጣም።

ያን እሑድ አብራሪዋ የዘጠኝ ሰዓት ተረኛ ነበረች። ባሏና ልጇ ከአያት ጋር ቀሩ። ቀለሜ ልሸኝሽ ብሎ ጃኬቱን ሲያነሳ፣ ጉልበትህን ያምሃል አባዬ፣ ቅርብ ነው አለችው። እሸኝሻለሁ አለ።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እሷ ስለ ጥንቸሉ አወራች፤ ልጇን ማስከፋቷ ከንክኗት ነበር። አንተ ምን ትላለህ አባዬ ብላ ጠየቀችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ሁሉ የምታማክረው እሱን ነው፤ የትምህርት መስኳን፣ የምታገባውን ሰው፣ የቤቷን የግድግዳ ቀለም ሳይቀር። እሱም መልሱን እያመነዠከ ሆስፒታሉ አጥር ድረስ ደረሰ። ከሠራተኛ መግቢያው ጎን አስታማሚ የሚያርፍባት አንዲት የሲሚንቶ አግዳሚ አለች። ቁጭ በይልኝ አላት። ሰዓቷን አይታ ተቀመጠች።

«ወፏ አልበረረችም» አላት።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ቀለሙን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ኮሪደሩን፣ ጣሳውን። የጠረገውን እህልም ሳይዘል ነገራት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። ነጭ ጫማዋን እያየች፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደምትቆጥረው፣ ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ አቀረበች። ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ኮሪደሩ በር ነበረው ወይ? ጣሳው የትኛው ክምር ላይ ተጣለ? መለሰላት። በመጨረሻ፣ የሸጠችልህ ሴት ስለ ቀለም ነግራህ ነበር ወይ አለችው።

ሴትዮዋ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል። አልነገረችኝም ቢል የሚያጋልጠው የለም።

«ነግራኛለች» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። አንድ አልጋ የሚገፋ ሰው በፊታቸው አለፈ፤ የጎማው ጩኸት እስኪርቅ ጠበቀች።

«ያን ጠዋት መንጠቆው ቃ ሲል ሰምቻለሁ» አለችው። «ከሰዓት ስመጣ ተከፍቶ አገኘሁት። የሰማሁትን ትቼ ያየሁትን አመንኩ። አንተ፣ አንቺ አይደለሽም ብትለኝ ኖሮ፣ ጆሮዬን አምን ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። ተነሥታ ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች፣ ተረኛ ነኝ አለችና ገባች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ቀለሜ እዚያው ብዙ ተቀመጠ። ሃያ አራት ዓመት የፈራው ጩኸቷን ነበር። እሷ አልጮኸችም፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ባሰበት።

ቤት ሲመለስ ለሚስቱም ነገራት። እሷ ግን አልማረችውም። በወፏ አይደለም የተቆጣችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ልጄን በገዛ አፌ እንድቀልድባት አደረግኸኝ አለችው፤ እኔ ስስቅ አጠገቤ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር አለችው። ወንዱ ልጅ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እህቱ ስትነግረው መስመሩን ጨርሶ ከተራው መጨረሻ ላይ አቁሞ ደወለለት። እሱ ግን አልተቆጣም። በጫማ መትቻታለሁ እኮ አባባ አለው፤ ትከሻዋን መትቻታለሁ። ይህንኑ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱን በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። ስሟን ሲጠሯት ግን ሁሉም አንድ አፍታ ይዘገያሉ፤ አፋቸው በለመደውና በሚፈልጉት መሀል።

አምስት እሑድ አልመጣችም። ለእናቷ ትደውላለች፣ አባዬ ደህና ነው ወይ ትላለች፣ ሰላም በይልኝ ትላለች፤ አገናኚኝ ግን አትልም። በስድስተኛው ሳምንት ሚስቱ ጥንቸል መገዛቱን ነገረችው። ሦስቱ አብረው ሄደው መረጡ፤ አመድማ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀነጠሰ፣ ከሁሉ ያነሰችዋን። ቀለሜ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ስትመርጥ ማንን አማክራ ይሆን ብሎ አሰበ፤ እሱን አልነበረም። ለጥንቸሏ ከጣውላ ቤት ልሥራላት ወይ ብሎ በሚስቱ በኩል አስጠየቀ። አመሰግናለሁ፣ ተሠርቶላታል የሚል መልስ መጣ።

በሰባተኛው እሑድ ራሱ ሄደ። አራት ፎቅ ደረጃ በዚያ ጉልበቱ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። በሩን የከፈተችው ልጁ ናት፤ ግባ አባዬ አለችው፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ወንበር ሳበችለት። የልጅ ልጁ ጥንቸሏን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አዲስ የበቀለ ጥርሷን እያሳየች፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደማትበላ፣ ስትደሰት እንዴት ጥርሷን እንደምታፋጭ አስረዳችው። ጥርስ ሠሪው አማቹም የጥንቸሏን ጥርስ በየሳምንቱ እንደሚለካ ነገረው። ቀለሜ በሻካራ መዳፉ ጀርባዋን ዳበሳት፤ ሙቀቷና የልቧ ምት በሱሪው አልፎ ተሰማው።

ሲበቃት ልጅቷ ጥንቸሏን ወስዳ ቤቷ ውስጥ አስገባቻት፤ በሩን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ ልትጫወት ሄደች። እናቷ ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ ሄዳ መቀርቀሪያውን ነካች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ፉት ሳትል እንደገና ተነሥታ ነካችው። ስትዞር የአባቷን ዓይን አገኘችው።

«ልማድ ነው» አለችው።

ስኳሩን አቀረበችለት። ስለ ጉልበቱ ጠየቀችው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የምታውቀው ጥሩ ሐኪም አለ፣ ቀጠሮ ላስይዝልህ አለችው። እሺ አለ። ቂም የያዘች አትመስልም፤ ምናልባትም አልያዘችም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ይሄዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጥንቸሏን ጭኑ ላይ ያደርጋል። የጤናዋን ነገር፣ የልጇን ትምህርት፣ የሥራዋን ወሬ ታጫውተዋለች። የሆነውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ከሆነ በኋላ። አንተ ምን ትላለህ አባዬ ብላ ግን ዳግመኛ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ልትጠይቀው ይሆን እያለ፣ ንግግሯ መሀል ዝም ባለች ቁጥር ብርጭቆውን አስቀምጦ ይጠብቃል።